አዲስ ፍጥረት ትናንትን ያስታውሳልን?

ዛሬ ስለ አንድ ትልና ስለ አንድ ጥያቄ ልናካፍላችሁ ወደናል። ጥያቄው በብዙ አማኞች ልብ ውስጥ የሚመላለስ፣ በጉባኤ መካከል ግን ድምፅ አውጥቶ የማይጠየቅ ነው፦ «በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ሆኜ ሳለሁ ያለፈው ነገር ዛሬም ለምን ያስደነግጠኛል?» ትሉ ደግሞ የጓሯችንን ቲማቲም ሲበላ ያገኘነው፣ በኋላም ከልጆቻችን ጋር በሣጥን ያሳደግነው ፍጥረት ነው። ሁለቱ በቤታችን ስለተገናኙ፣ የተማርነውን ለራሳችን ብቻ ልናስቀረው አልፈለግንም።

እኛ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። በቤታችን ቤዝመንት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እኅት አብራን ትኖራለች። ልጆቻችን «አክስቴ» ይሏታል። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት በአንድ የዐረብ አገር በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ብዙ ዓመት አሳልፋለች። እዚያ ሌሊት ሌሊት በሩ ከውጭ ይቆለፍባት ነበር። ጌታን የተቀበለችው ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ነው። ተጠምቃለች፤ በጸሎት የምትተጋ፣ መዝሙር የምትወድ እኅት ናት። ነገር ግን ቁልፍ በበር ውስጥ ሲዞር በሰማች ቁጥር ሰውነቷ ይደርቃል፤ በእጇ የያዘችው ይወድቃል። ይህን የምንጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው፤ ጽሑፉንም አስቀድማ አንብባዋለች።

የከበዳት ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። ከፍርሃቱ የባሰው እርሱን ተከትሎ የመጣው ጥርጣሬ ነበር። «አዲስ ሰው የሆነ እንዲህ ይፈራል? ምናልባት ከልቤ አላመንሁ ይሆን?» ትል ነበር። አንዳንድ ወገኖች በቅን ልብ፣ «እኅቴ፣ በእምነትሽ በርቺ፤ ያለፈውን ጣይው» ይሏታል። እርሷም የንስሐ ጥሪ በቀረበ ቁጥር ወደ ፊት ወጥታ እንደ አዲስ ጌታን ትቀበላለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ አይተናል። በአራተኛው ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ይህ ከመውጣቷ ይልቅ አስጨነቀን። «ለእኔ አይሠራም» ብሎ የደመደመ ሰው ዝምታ ነበርና።

ትሉ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በኦገስት ወር አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ስንወጣ፣ ማታ ለምለም የነበረው አንድ የቲማቲም ተክል ከላይ በኩል ቅጠሉ ተበልቶ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ቁንዶ በርበሬ የሚያህል ጥቁር ኩስ ተበትኗል። በላተኛውን ለማግኘት ግን ጊዜ ወሰደብን፤ ቀለሙ ከቅጠሉ አይለይም። በመጨረሻ ከቅርንጫፉ በታች ተገልብጦ ተጣብቆ አየነው፦ የሰው ጣት የሚወፍር አረንጓዴ ትል፣ በኋላው ጫፍ ላይ ቀንድ ያለው። የዚህ አገር ሰዎች ሆርንዎርም ይሉታል፤ ቀንዳም ትል እንደ ማለት ነው። ሲያድግ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቀንዱ ያስፈራል እንጂ አይነድፍም።

በዚህ አካባቢ ሁለት የሚመሳሰሉ ዓይነቶች አሉ። የትምባሆ ቀንዳም ትል የሚባለው በጎኑ ሰባት ሰያፍ ነጭ መስመሮችና ቀላ ያለ ቀንድ አለው። የቲማቲም ቀንዳም ትል የሚባለው ደግሞ የእንግሊዝኛውን «ቪ» ፊደል የሚመስሉ ስምንት ምልክቶችና ጠቆር ያለ ቀንድ አለው። የእኛዎቹ የፊተኛው ዓይነት ነበሩ። ስማቸው ቢለያይም ሁለቱም ቲማቲምን፣ ቃሪያን፣ ድንችን፣ ደበርጃንንና ትምባሆን ይበላሉ፤ እነዚህ ተክሎች ዘመዳሞች ናቸው። አጠገቡ የተከልነውን ጎመን ግን ዞር ብለው አላዩትም።

አትክልተኛ ይህን ትል አይወደውም፤ እውነቱን ነው። ጥቂት ትሎች አንድን ተክል በጥቂት ቀን ያራቁቱታል። በጓሮው ጥቂት ተክል ላለው ሰው ቀላሉ መላ በእጅ መልቀም ነው። በቀን ለማየት ካስቸገረ፣ በሌሊት የአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢበራበት ትሉ ከቅጠሉ ተለይቶ ያበራል። ምርቱ ካበቃ በኋላ አፈሩን መገልበጥም በውስጡ ከተቀበሩት ብዙዎቹን ያጠፋል። እኛም አብዛኞቹን ለቅመን አስወገድን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ግን፣ «ትንንሾቹን አምስቱን እናሳድጋቸው» ብላ ለመነችን። ክፉኛ የተበላውን አንዱን ተክል ለእነርሱ ተውንላቸው። የዮናስን ቅል የመታችውን ትል እግዚአብሔር ለማስተማሪያ እንዳዘጋጃት አስታውሰን፣ ከእኛም ትል የምንማረው ይኖር ይሆናል እየተባባልን ሣቅን።

አሳዳጊነቱ ከባድ አይደለም፤ ትጋት ግን ይፈልጋል። መክደኛው መረብ የሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን አዘጋጀን። መድኃኒት ያልተረጨበት የቲማቲም ቅርንጫፍ እየቆረጥን፣ እንዳይጠወልግ ውሃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እንተክለዋለን። ትሉ ወደ ውሃው ገብቶ እንዳይሞት የጠርሙሱን አፍ በጥጥ እንደፍናለን። ኩሱን በየቀኑ እንጠርጋለን፤ ካልተጠረገ ይሻግታል። ከእንቁላሉ ሲወጣ 1 ሚሊ ግራም ገደማ የሚመዝነው ትል በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ 10 ግራም ይደርሳል፤ ዐሥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው። በዚህ መካከል አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ምግቡን በብዛት የሚበላው በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ቅጠል መቁረጥ የቤቱ ሁሉ ሥራ ሆነ።

ለልጆቻችን ሦስት ሕግ አወጣንላቸው። አንደኛ፣ ትሉን አትጎትቱት። በሆዱ በኩል ባሉት እግሮቹ ጫፍ ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ፤ ቅርንጫፉን አጥብቆ ይይዛል፣ በኃይል ቢላቀቅም ይጎዳል። ይልቁን ሌላ ቅርንጫፍ ከፊቱ አስቀምጡለት፤ በራሱ እግር ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ አትንኩት። ቆዳውን ሊቀይር እየተዘጋጀ ነው፤ ከሥር የሚወጣው አዲሱ ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቆስላል። ራሱን ቀና አድርጎ በሚቀመጥበት በዚህ ሁኔታ ምክንያት ወገኖቹ በግብፁ ሐውልት በስፊንክስ ስም ይጠራሉ። ትንሹ ልጃችን ግን አይቶት፣ «እየጸለየ ነው» አለን። ሦስተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

እነዚህን ሕጎች ከልጆቹ ይልቅ የጠበቀቻቸው እኅታችን ነበረች። ከሥራ መጥታ ሣጥኑ አጠገብ ትቀመጣለች። «አትጎትተው፣ በራሱ ይመጣል» ስትለው ከማድ ቤት እንሰማለን። ድምፅዋን ስንሰማ ስለ ትል ብቻ የምትናገር አልመሰለንም።

ስለዚህ ትል ስናነብ ቀለሙም አስገረመን። በቤት ለሚያድጉ እንሽላሊቶች መኖ እንዲሆኑ በሱቅ የሚሸጡት የዚሁ ዓይነት ትሎች አረንጓዴ ሳይሆኑ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ትሉ ሰማያዊውን ቀለም በገዛ ሰውነቱ ይሠራል፤ ቢጫውን የሚያገኘው ግን ከሚበላው ቅጠል ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይሆናል። በሱቅ ያሉት ቅጠል ሳይሆን ተዘጋጅቶ የሚቀርብላቸውን ምግብ ስለሚበሉ ቢጫው ይጎድላቸዋል። ትሉ ምን ሲበላ እንዳደገ በቆዳው ላይ ይነበባል። ሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ያለፍንበት ነገር ዝም ብሎ አልፎን አይሄድም።

ከአምስቱ አንዱ ግን አልሆነለትም። አንድ ቀን በጀርባው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ብዙ ነጫጭ ነገሮች ወጡ። ልጆቹ እንቁላል መሰላቸው። ነገሩ ግን የትንሽ ተርብ እጮች ለራሳቸው የፈተሉት ማቀፊያ ነው። ተርቧ እንቁላሏን በትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቹ በውስጡ አድገው ቆዳውን በስተው ይወጣሉ። እንዲህ የሆነ ትል መብላት ያቆማል፤ ክንፍ ለማውጣትም አይደርስም። አትክልተኞች እንዲህ ያለውን ትል ሲያገኙ ባይገድሉት ይመረጣል፤ ከእርሱ የሚወጡት ተርቦች ሌሎቹን ትሎች ይቀንሱላቸዋል። እኛም ከሣጥኑ አውጥተን ወደ ጓሮው መለስነው። ትንሹ ልጃችን አለቀሰ፤ «ጌታ ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ብሎም ጠየቀን። የሚያስደስት መልስ ፈልስፈን አልሰጠነውም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ፍጥረት በሙሉ በመቃተት ላይ እንዳለና ነጻነቱን እንደሚጠባበቅ መጻፉን ነገርነው፤ እስኪረጋጋም አብረነው ተቀመጥን።

ሴፕቴምበር ሲገባ የቀሩት አራቱ በተራ መብላት አቆሙ። አረንጓዴነታቸው ደብዝዞ ወደ ቡናማ አደላ። በጀርባቸው መካከል እንደ ጥቁር መስመር ሆኖ የልባቸው ቧንቧ ሲመታ በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ በሣጥኑ ውስጥ ያለ ዕረፍት መዞር ጀመሩ። ለማያውቅ ሰው ትሉ የታመመ ይመስላል፤ እርሱ ግን የሚቀበርበትን አፈር እየፈለገ ነው። በባልዲ ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ርጥብ ሆኖ ጭቃ ያልሆነ ልል አፈር አዘጋጀንላቸው። ሁሉም ገቡ።

ትሉ ከአፈሩ በታች ትንሽ ክፍል ይሠራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የመጨረሻውን የትል ቆዳ ገፍፎ ፑፓ ይሆናል። ፑፓው ጠንካራ ቡናማ ቅርፊት ያለው፣ ከፊት በኩል እንደ ጀበና እጀታ የታጠፈ ነገር የወጣለት ነው። በዚያ እጀታ ውስጥ የአበባ ማር የሚጠጣበት ረጅም ምላስ ይሠራል። በበጋ መካከል የተቀበረ ትል በሦስት ሳምንት ገደማ የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል። ቀኑ እያጠረ ሳለ ያደገ ግን የብርዱን ወራት በአፈር ውስጥ ያሳልፋል። የእኛዎቹ ዘግይተው ስለ ነበር፣ ባልዲውን በማይሞቅ ጋራዥ አስቀምጠን አፈሩ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ውሃ እየረጨን ጠበቅን። ልጆቹ በየሳምንቱ «ቆፍረን እንያቸው» ይላሉ። እኅታችን፣ «ተዉአቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው» ትላቸዋለች።

በገና ሰሞን በእራት ሰዓት ልጃችን ጠየቀች፦ «አክስቴ፣ የእሳት ራቱ ሲወጣ ትል እንደነበረ ያስታውሳል?» እኅታችን መልስ ፍለጋ ወደ እኛ አየች። እኛም ፈልገን አነበብን። መልሱ የተጠናው ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ስፍራ፣ ያውም በዚሁ በትምባሆ ቀንዳም ትል ላይ ሆኖ አገኘነው።

በ2008 በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ዳግላስ ብላኪስተን፣ ኤሌና ሲልቫ ኬሲና ማርታ ዋይስ፣ ጥናታቸውን ፕሎስ ዋን በተባለ የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ለትሎቹ አንድ ሽታ እያሸተቱ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጧቸው። ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ትሎቹ ያንን ሽታ መሸሽ ተማሩ። ከዚያ ፑፓ ሆኑ፤ ጊዜው ሲደርስ የእሳት ራት ሆነው ወጡ። ተመራማሪዎቹ ሽታው ያለበትንና የሌለበትን መንገድ አስመረጧቸው። በመጨረሻው የትልነት ደረጃ ላይ ንዝረቱን ከቀመሱት አብዛኞቹ ክንፍ አውጥተውም ያንን ሽታ ሸሹ። ገና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳሉ የተማሩት ግን የእሳት ራት ሲሆኑ አልሸሹም። ሽታው በቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንዳይሆንም አጣርተዋል። ትዝታው ያለው በውስጡ ነበር።

ብዙ ሰው ትሉ በፑፓው ውስጥ ፈጽሞ ቀልጦ ከባዶ እንደገና የሚሠራ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ቅጠል የሚያኝክበት አፉ ይቀራል፤ መንጠቆ ያላቸው እግሮቹ ይጠፋሉ፤ ከጡንቻውም ብዙው ይፈርሳል። ከነርቭ ሕዋሳቱ ግን ብዙዎቹ ይቆያሉ። አሮጌውን ግንኙነታቸውን ትተው አዲስ ግንኙነት ያበጃሉ፤ የትልን ሰውነት ያንቀሳቅስ የነበረው ነርቭ ለባለ ክንፉ ሰውነት ሥራ ይውላል። ክንፉም ቢሆን ድንገት የመጣ አይደለም፤ ጅማሬው ገና በትልነቱ ዘመን ከቆዳው በታች ነበረ።

ይህን ስናነብላት እኅታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ታዲያ ስለሚፈራ የእሳት ራት አይደለም ይሉታል?» አለችን። ማንም አይለውም። ክንፍ አለው፤ ይበራል፤ ቅጠል ማኘክ ትቶ የአበባ ማር ይጠጣል። ከዳር እስከ ዳር አዲስ ነው፤ ያስታውሳልም። ማስታወሱ አለመለወጡን አያሳይም። የተለወጠው ሌላ ሳይሆን ያው እርሱ ራሱ መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ትል የእግዚአብሔርን ቃል አይተካምና፣ ከዚያ ምሽት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ ያየነው ዮሴፍን ነው። በዘፍጥረት 41 የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ የጠራው እግዚአብሔር መከራውን እንዳስረሳው ሲመሰክር ነው። በምዕራፍ 42 ግን ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ሰማና፣ ከፊታቸው ዘወር ብሎ አለቀሰ። ልጁን በመርሳት ስም የጠራው ሰው ነው ያለቀሰው። ዮሴፍን ግን እግዚአብሔር አልጎበኘውም የሚል የለም።

ከዚያ የእስራኤልን ሕዝብ አየን። እግዚአብሔር ከግብፅ ካወጣቸው በኋላ በዚያ ባሮች እንደነበሩ እንዲያስቡ በኦሪት ዘዳግም ደጋግሞ አዘዛቸው። ያዘዛቸው ሊያሳፍራቸው አይደለም፤ በመካከላቸው ላለው ስደተኛና ድሃ አደግ እንዲራሩ ነው። ነጻ የወጣ ሰው ትዝታ በጌታ እጅ ሲገባ ለሌላው መጠጊያ ይሆናል ማለት ነው።

ጳውሎስ ደግሞ በክርስቶስ ያለ ሰው አዲስ ፍጥረት መሆኑን የጻፈው በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ላይ ነው። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 1 በእስያ ስለ ደረሰበት፣ በሕይወት መኖርን እንኳ ተስፋ እስኪቆርጥ ስላደረሰው መከራ ይናገራል። በምዕራፍ 11 ደግሞ ግርፋቱን፣ እስራቱንና የመርከብ መሰበሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አዲስ ፍጥረት መሆኑን ያወጀው ብዕር ቁስሉን የቆጠረው ብዕር ነው። «በፊልጵስዩስ የኋላውን እየረሳሁ ይል የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ የኋላውን ዘርዝሮ ጽፎታል። መርሳቱ ከአእምሮ መፋቅ አይደለም፤ በትናንት አለመመካትና በትናንት አለመታሰር ነው። በሮሜ 12 ስለ መለወጥ ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃልም ሳይንቲስቶች ለትሉ ለውጥ ከሚሉት «ሜታሞርፎሲስ» ጋር አንድ ሥር አለው። እዚያም ለውጡ የሚመጣው አእምሮ ሲታደስ ነው። የሚታደስ ነገር ደግሞ ተነቅሎ አይጣልም።

በመጨረሻ ጌታን ራሱን አየን። ከሙታን ተነሥቶ፣ ሞት ዳግመኛ በማይገዛው ሥጋ በደቀ መዛሙርቱ መካከል በቆመ ጊዜ፣ ለቶማስ ያሳየው የእጁንና የጎኑን ምልክት ነው። የትንሣኤው ክብር ጠባሳውን አልፋቀውም። እኅታችን በዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። እንደ ወትሮው ያለ ልቅሶ አልነበረም።

የጁን ወር አንድ ምሽት የመጀመሪያው የእሳት ራት ከአፈሩ ወጣ። አስቀድመን በባልዲው ውስጥ ሻካራ እንጨቶች አቁመን ነበር፤ ሲወጣ ክንፉ ትንሽ፣ ርጥብና የተጨማደደ ነውና ወደ ላይ ወጥቶ መንጠልጠል አለበት። የሚወጣበት ካጣ ክንፉ እንደ ተጨማደደ ይደርቃል፤ መብረርም አይችልም። ልጃችን ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ እኅታችን በቀስታ ያዘቻት። በዓይናችን ፊት ከሰውነቱ ወደ ክንፉ ፈሳሽ እየገባ ክንፉ ተዘረጋ፤ ከዚያ እስኪጠነክር ጠበቅን። ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ግራጫ ክንፍ ነበር፤ በሆዱ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ቢጫ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ሲጨልም ወደ ጓሮው አውጥተን ለቀቅነው። ከአራቱ ሦስቱ ወጡ። ይህ ዓይነት የእሳት ራት እንደ ሃሚንግበርድ በአየር ላይ ቆሞ ከአበባ ይጠጣል፤ በአገራችን አስተናግር የምንለው ተክል ወገን የሆነው ነጭ አበባም ይስበዋል።

ስለ እኅታችን «ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቷ ጠፋ» ብንላችሁ ደስ ባለን፤ ግን እውነቱን እንንገራችሁ። ቁልፍ ሲዞር ዛሬም ትደነግጣለች። የተለወጠው ከድንጋጤው በኋላ የሚሆነው ነው። ቀድሞ ወደ ክፍሏ ወርዳ ስለ መዳኗ ትጨነቅ ነበር። አሁን ቆም ብላ ትተነፍሳለች፤ «ጌታ ሆይ፣ አንተ እዚህ ነህ» ትላለች፤ ሥራዋንም ትቀጥላለች። ልጆቻችን በሩን ከመክፈታቸው በፊት «አክስቴ፣ እኛ ነን!» ብለው ይጣራሉ። በዚህ ነገር ላይ የሠለጠነች አማካሪም ታያለች፤ ይህን ከጸሎት ጋር የሚጣላ ነገር አድርገን አናየውም። በቤት ለቤት ኅብረታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችበትን ስትናገር፣ ለመዳን ሳይሆን ስለ ዳነች ነው የተነሣችው።

ባለፉት ወራት አንዲት አዲስ እኅት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መምጣት ጀምራ ነበር። ሁልጊዜ በር አጠገብ ትቀመጣለች። አስተናጋጆቹ በፍቅር «ወደ ፊት ነይ» ይሏታል፤ እርሷ ግን ትሸማቀቃለች። አንድ እሑድ እኅታችን ከፊት መቀመጫዋ ተነሥታ ሄዳ በር አጠገብ አብራት ተቀመጠች። ልጅቷ ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ ማንም አልነገራትም። ታውቀዋለች። ከመከራዋ የቀረው ትዝታ በዚያ ቀን ለሌላ ሰው መጽናኛ ሆነ።

ወገኖቻችን፣ ያለፈው ነገር እያስደነገጣችሁ መዳናችሁን የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ መዳናችሁ የቆመው በትዝታችሁ መጥፋት ላይ አይደለም፤ ስለ እናንተ በሞተውና በተነሣው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ወይም በኅብረታችሁ ያላችሁ ደግሞ አትጎትቱት። ከፊቱ ቅርንጫፍ አስቀምጡለት፤ አፈሩን አርጥቡለት፤ የሚወጣበት እንጨት አቁሙለት። ቅርፊቱን ልሰንጥቅለት አትበሉ። የመለወጡ ሥራ የመንፈስ ቅዱስ ነው፤ የእኛ ድርሻ በፍቅር መጠበቅ ነው። ጌታን ገና ያላወቃችሁና ይህን የምታነቡ ወዳጆቻችን ሆይ፣ «መጀመሪያ ያለፈውን ረስቼ፣ ራሴን አስተካክዬ እመጣለሁ» አትበሉ። ከነትዝታችሁ ኑ። እርሱ የሚቀበለው እናንተን ነው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በልጅህ አዲስ ስላደረግኸን እናመሰግንሃለን። ትናንት ዛሬም የሚያስደነግጣቸውን ልጆችህን አስብ። በፍርሃታቸው መካከል ቅርብ ሁንላቸው፤ የእነርሱ መሆንህን አረጋግጥላቸው። ለእኛም የማይጎትት እጅና የሚታገሥ ልብ ስጠን። የተጨማደደውን ክንፋችንን በጊዜህ ዘርጋልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።